የራስን የኢሜይል ሰርቨር መትከል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ጠያቂዎች

በሱቅ፣ በትምህርት ቤትና በቢሮ ኮምፒውተር የምትይዙ ወዳጆች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ቢሮአችን ውስጥ ሥራ የፈታ ኮምፒውተር አለ። ፖስትፊክስ የተባለውን የኢሜይል መላኪያ ፕሮግራም ጭኜበት የድርጅቱን ኢሜይል ከዚያ ብልክስ?

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ይበቃሃል፤ የሚያስቸግርህ የኢንተርኔት አድራሻው (አይፒው) ነው። ለሌሎች ሰርቨሮች ለመላክ ፖርት 25 (ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበት በር) ወደ ውጭ ክፍት መሆን አለበት፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደግሞ ለተራ ደንበኛ ይዘጉታል። ቢከፈትልህም፣ አይፒህ ተለዋዋጭ ከሆነ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ፣ ደብዳቤያቸው የማይታመን አድራሻዎችን በሚዘረዝሩ መዝገቦች ውስጥ ገና አንድ ደብዳቤ ሳትልክ ሰፍሮ ልታገኘው ትችላለህ። ስለዚህ ቋሚ አይፒ ያለው ሰርቨር ተከራይ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ፖርት 25 ይከፈታል? የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ መዝገቡንስ (ከአይፒው ተነስቶ የሰርቨሩን ስም የሚናገረውን) በሰርቨሬ ስም ታስገቡልኛላችሁ? አንዱን እንኳ አይሆንም ካሉህ ሌላ ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ሰርቨራችን መስኮት በሌለው ክፍል ተቆልፎ ነው ያለው። መብራት ሲጠፋ የሚላክልን ደብዳቤ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም። ላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ከሆነና ቅንብሩ ካልተነካ እስከ 5 ቀን በወረፋ ያቆየዋል። እኔስ ከመብራቱ ይልቅ ሰርቨሩን በዚያ የግንቦት ሙቀት መስኮት በሌለው ክፍል መቆለፋችሁ ያሳስበኛል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ኤስፒኤፍ አስገብቻለሁ፤ ጂሜይል ግን ደብዳቤያችንን አሁንም ከአይፈለጌ መልእክት ጋር ይጥለዋል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ኤስፒኤፍ በስምሽ መላክ የተፈቀደለት ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ብቻ ይናገራል፤ ደብዳቤው በሌላ ሰርቨር በኩል ከተላለፈ ማረጋገጫው ይከሽፋል። ዲኪም ግን በደብዳቤው ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ አብሮ ይሄዳል። ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫው ከላኪው ዶሜይን (በአድራሻው ከ@ በኋላ ካለው ስም) ጋር ካልገጠመ ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበት ያዛል። ጂሜይልና ያሁ በጎርጎርዮሳውያኑ 2024 መስፈርታቸውን ካጠበቁ ወዲህ ሦስቱንም ማሟላት ይሻላል። ዲማርክን መጀመሪያ በክትትል ብቻ አስጀምሪ፤ ሪፖርቶቹን ካነበብሽ በኋላ ወደ ማግለል፣ ቀጥሎም ወደ መከልከል አሳድጊው። ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ባለ 2048 ቢት የዲኪም ቁልፍ ከ255 ፊደል ስለሚበልጥ በዲኤንኤስ (በዶሜይን ስሞች መዝገብ) ውስጥ ተከፋፍሎ መግባት አለበት። ተቆርጦ ከገባ ማኅተሙ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ የሰርቨሬ ሎግ (የክንውን መዝገቡ) በይለፍ ቃል ሙከራ ተጥለቅልቋል። ተጠቃሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አልተጠቃህም፤ የትኛውም ክፍት ሰርቨር ይህን ያያል። ፌይልቱባንን (ደጋግሞ እየተሳሳተ የሚሞክርን አይፒ የሚያግድ ፕሮግራም) ጫን፣ በፖርት 25 በይለፍ ቃል መግባትን ዝጋ፣ ተጠቃሚዎች በፖርት 465 ወይም 587 ይላኩ፣ በፖርት 993 ያንብቡ፤ ሁሉም የተመሰጠረ ይሁን። ለምስጠራው የሚያስፈልገው፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ሰርተፊኬት በ90 ቀን ያልቃል። እድሳቱ በራሱ ቢሄድም ፖስትፊክስና ዶቭኮት (ደብዳቤ ማንበቢያው ፕሮግራም) አዲሱን እንዲያነቡ ካልታዘዙ አሮጌውን ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ከሁሉ የሚከፋው የአንድ ሠራተኛ ደካማ የይለፍ ቃል ነው፤ በእሱ የገባ ሌባ በአንድ ሌሊት የአይፒህን ስም ያጠፋዋል። በሰዓት የሚላከውን መጠን ለእያንዳንዱ አካውንት ገድብ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ብቻዬን ነኝ። ልጀምረው?

መልስ፦ ለድርጅት ከሆነ፣ ስትታመም የሚተካህ ሰው እስኪኖር ቆይ። ለመማር ከሆነ በሌላ ዶሜይን ዛሬውኑ ጀምር።