ከባድ አተም ሁሉ ትልቅ ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ አተም የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ፈተና ደርሶ ይሆናል። በቀጥታ ልግባ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። «ወርቅ ከሊቲየም ይከብዳል፤ ታዲያ አተሙም በዚያው ልክ ይተልቃል?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ አይተልቅም በሏት። አንድ የወርቅ አተም የሊቲየምን 28 እጥፍ ይመዝናል፤ በመጠን ግን እንዲያውም ትንሽ ያንሳል። በብረትነታቸው ሲለኩ የሊቲየም ራዲየስ 152 ፒኮሜትር ነው፣ የወርቅ ደግሞ 144። ፒኮሜትር የሜትር ትሪሊዮንኛ ነው። የወርቅ 79 ፕሮቶኖች ኤሌክትሮኖቹን አጥብቀው ወደ መሀል ይስቧቸዋል፤ ስለዚህ አተሙ በክብደቱ ልክ አያብጥም። ሲዚየም ግን 55 ፕሮቶን ብቻ ይዞ 265 ፒኮሜትር ይደርሳል። የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን ብቻዋን ውጭ ቀርታለች፤ ከውስጥ ያሉት 54ቱ ስበቱን ይከልሉባታል። ልጅዎ ፔሪዮዲክ ቴብሉን ትክፈትና ከግራ ወደ ቀኝ ትሂድ። አተሞቹ በአብዛኛው እያነሱ ነው የሚሄዱት።

ጥያቄ፦ አተም ባብዛኛው ባዶ ነው ይባላል። እጄ ታዲያ ጠረጴዛውን ለምን አያልፍም?

መልስ፦ ባዶነቱስ እውነት ነው። የሃይድሮጂን ፕሮቶን ሽምብራ ቢያክል፣ ኤሌክትሮኗን ፍለጋ 300 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ግን የእጅዎና የጠረጴዛው ኤሌክትሮኖች ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። በዚያ ላይ ሁለት ኤሌክትሮኖች ፍጹም አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አይገኙም፤ የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ በ1925 ያወጣው ሕግ ነው። የሚያልፍ ግን አለ። ማንቸስተር ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድና ባልደረቦቹ የአልፋ ቅንጣቶችን (ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚፈናጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው) በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ሲለቁ አብዛኞቹ ዝም ብለው አለፉ። ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ነጠሩ። ኒውክለስ፣ ማለትም የአተሙ ጥቅጥቅ ያለ መሀል፣ መኖሩ በ1911 የታወቀው በእነዚህ ጥቂቶች ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮቶን ሦስት ኳርክ ነው ተብለን ተምረናል። የሦስቱን ክብደት ስደምር ግን ፕሮቶኑን አይሞላልኝም። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ የትም! ከደረሱኝ ሁሉ ይቺን ወድጃታለሁ። ኳርክ ፕሮቶንን የሚሠራው ቅንጣት ነው፤ አፕና ዳውን ደግሞ ዓይነቶቹ ናቸው። ሁለቱ አፕ ኳርኮችና አንዱ ዳውን ኳርክ ተደምረው የፕሮቶኑን 1 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ሌላው በሙሉ ጉልበት ነው፦ የኳርኮቹ እንቅስቃሴና እነሱን አስረው የያዙት ግሉኦን የሚባሉ ቅንጣቶች። አይንስታይን እንዳሳየው ጉልበትም ይመዝናል። ሥጋ ቤት ገብተው አንድ ኪሎ ሲያስመዝኑ፣ የኳርኮቹ የራሳቸው ድርሻ 10 ግራም ገደማ ነው። የቀረውን የከፈሉት ለጉልበት ነው። (ለባለ ሥጋ ቤቱ ባይነግሩት ይሻላል።)

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮን ምን ያህል ትሰፋለች?

መልስ፦ እስካሁን የተለካ ስፋት የላትም። ክብደቷም የፕሮቶን 1/1,836ኛ ነው። ስፋት የሌለው ሁሉ ቀላል ነው እንዳይሉ ግን፣ በ1995 ቺካጎ አጠገብ ባለው የፌርሚላብ ቤተ ሙከራ የተገኘው ቶፕ ኳርክም (ሌላ የኳርክ ዓይነት ነው) የተለካ ስፋት የለውም፤ ክብደቱ ግን አንድ ሙሉ የተንግስተን አተም ያህላል።

ጥያቄ፦ አተምን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አይቻልም። የሚታይ ብርሃን ሞገድ ራሱ ከአተም በሺዎች እጥፍ ይረዝማል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቢኒግና ሮሬር ዙሪክ ላይ በ1981 የሠሩት መሣሪያ ግን ብርሃን አይፈልግም፤ በሹል መርፌ ገጹን እየዳሰሰ ምስሉን ያወጣል። በ1989 የኮምፒውተር ድርጅቱ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በዚሁ መሣሪያ 35 የዜኖን አተሞችን አንድ በአንድ ገፍተው የድርጅታቸውን ስም ጽፈውበታል።