ለኦንላይን ጌም የትኛው ፕሮሰሰር? መጀመሪያ ማዘርቦርድህ የሚቀበለውን እወቅ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 1600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድና አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም አለው። ሞኒተሬ 144 ኸርዝ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ፎርትናይት ስጫወት፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን በሰከንድ ከ120 በላይ ፍሬም (ምስል) አገኛለሁ፤ ጭስ ሲወረወርና ሰው ሲበዛ ግን ወደ 60 ወርዶ ይንገጫገጫል። አንዱ አይ7 ግዛ ይለኛል፣ ሌላው አይ5 12400ኤፍ ይሻላል ይላል። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ በእሱ ላስመጣ አስቤያለሁ። እባክዎ የቱን ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለህ ማዘርቦርድ ላይ የሚበጅህ ራይዘን 5 5600 ነው። ከስሙ ኋላ ምንም ፊደል የሌለበት። አይ7ም 12400ኤፍም ብትገዛ አሁን ያለህ ማዘርቦርድ ላይ አይገቡም፤ ሁለቱ የኢንቴል ናቸው፣ ራይዘን ግን የኤኤምዲ ነው፤ የሁለቱ ኩባንያዎች ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ለየቅል ነው። ዘመድህ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ግን ቤትህ ቁጭ ብለህ የምታረጋግጣቸው ነገሮች አሉ።

ሰው ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም «ላግ» ይላቸዋል። የመጀመሪያው ስክሪንህ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ጠላትህ ከቦታ ቦታ የሚዘልበት፣ የመታኸው ጥይት ያልተቆጠረበት ነው። እሱ የኔትወርክ ችግር ነው፤ የዓለምን ውድ ፕሮሰሰር ብትገዛ ፒንግህ (መልእክትህ ደርሶ መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) አይቀንስም። ወደ ራውተርህ ፒንግ ላክና ተመልከት፦ በኬብል ስትሆን መልሱ በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመጣል፣ በዋይፋይ ከ2 ወደ 80 እየዘለለ ከሆነ ገና ከቤትህ ሳይወጣ ተበላሽቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው። ሁለተኛው ችግር አንተ የገለጽከው ነው፤ ስክሪኑ ራሱ ያነክሳል፣ ማውሱ ይከብዳል። ይህ ከኮምፒውተሩ ነው።

ከኮምፒውተሩ መሆኑ ግን ከፕሮሰሰሩ ነው ማለት አይደለም፣ ስለዚህ እንለየው። ቪሲንክን (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን ምርጫ) እና የፍሬም ገደብን አጥፋ። ፍሬምህ በሚወርድበት ሜዳ ላይ፣ ሰው በበዛበት ሰዓት፣ አሁን በምትጫወትበት ጥራት ቁጥሩን መዝግብ። ከዚያ ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርደህ የግራፊክስ ምርጫዎችን ሁሉ ዝቅ አድርግና እዚያው ቦታ ድገመው። ፍሬሙ ካልጨመረ ወይም በጣም ትንሽ ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። በደንብ ከጨመረ ግን ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ጋ ነው፣ ፕሮሰሰር መቀየሩም ብዙ አይጠቅምህም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጭነህ የግራፊክስ ካርዱን አጠቃቀም፣ የእያንዳንዱን ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል) ሥራና የፍሬም ጊዜን ስክሪኑ ላይ ብታወጣ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለ144 ኸርዝ እያንዳንዱ ፍሬም በ6.9 ሚሊሰከንድ መድረስ አለበት፤ በ60 ፍሬም ግን 16.7 ይፈጃል። የመንገጫገጩ ስሜት የሚመጣው ይህ ቁጥር ከ7 ወደ 25 እየዘለለ ሲመለስ ነው፤ አማካይ ፍሬምህ ጥሩ መስሎ ሳለ እጅህ የሚያማርረውም ለዚህ ነው።

ታስክ ማናጀር «ሲፒዩ 45 በመቶ» ብሎ ስላሳየህ አትታለል። የአንተ 1600 ባለ 6 ኮር፣ ባለ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚካሄድ የሥራ መስመር) ነው። የጌሙ ዋና ሥራ ያረፈበት አንድ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 8 በመቶ ብቻ ነው። ኦንላይን ጌም ላይ የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ የተጫዋቾችን ሁሉ እንቅስቃሴ፣ የጥይትና የጭስ ስሌቱን፣ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚሰበስበው አንድ ወይም ሁለት ኮር ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ሸክሙ እዚያ ይቆለላል። ስለዚህ ለአንተ ዓይነት ጨዋታ የሚፈለገው የኮር ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነትና ካሽ ሜሞሪ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ነው።

ከ1600 ወደ 5600 መሄድ ትልቅ ለውጥ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው፣ ሁለቱም 65 ዋት። የ2017ቱ 1600 ግን ስድስቱን ኮሮች ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ጎራ ይከፍላቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ጎራ 8 ሜጋ ካሽ። አንዱ ጎራ ያለው መረጃ ለሌላው ሲያስፈልግ ቀርፋፋ መንገድ አቋርጦ ነው የሚሄደው። 5600 ላይ ስድስቱም ኮሮች አንድ የ32 ሜጋ ካሽ ይጋራሉ፣ ፍጥነቱም ከ3.6 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ከፍ ይላል።

ሻጭ ቤት ስሞቹ እንዳያሳስቱህ ለዘመድህ ጽፈህ ስጠው። ራይዘን 5 5500 እና 5600ጂ ካሻቸው 16 ሜጋ ነው፣ ግማሽ ማለት ነው። ጂ ያለበት ውስጡ ግራፊክስ ስላለው ካርድ ለሌለው ሰው ይጠቅማል፤ አንተ ግን ካርድ አለህ። ራይዘን 7 5700 ከኋላው ኤክስ ከሌለበት እሱም 16 ሜጋ ነው፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸወድበታል። 5600ኤክስ ከ5600 የሚለየው በጥቂት መቶ ሜጋኸርዝ ነው፤ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ውሰደው፣ ካልሆነ አትጨምርበት። 5700ኤክስ3ዲ ወይም 5800ኤክስ3ዲ ካገኘህ 96 ሜጋ ካሽ አላቸው፤ ካውንተር ስትራይክን የመሰለ ጌም ይህን ይወደዋል። ሁለቱም ግን 105 ዋት ናቸው፣ ከካርቶናቸው ማቀዝቀዣ አይወጣም፤ 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ቁመታም ሄትሲንክ (ሙቀት የሚያስወግድ ብረት) ልትጨምር ነው። በ1660 ሱፐር ላይ እኔ 5600ን ገዝቼ የተረፈውን ወደ ራም አዞረዋለሁ።

ራሙን እንዲያው አትለፈው። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ማለት ፕሮሰሰሩ ከሁለት መንገድ በአንዱ ብቻ ይሠራል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ራም ሲገባ የሜሞሪው መተላለፊያ በእጥፍ ይሰፋል። በራይዘን ላይ ደግሞ ኮሮቹን የሚያገናኘው መስመር ከራሙ ፍጥነት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። አሁን ያለህን ራም ፍጥነትና ሲኤል የሚለውን (የራሙን መዘግየት የሚያሳየውን) ቁጥር አንብበህ ተመሳሳዩን ግዛ፣ ለምሳሌ ዲዲአር4 3200 ሲኤል16። አራት ማስገቢያ ካለህ ከፕሮሰሰሩ ጀምረህ ቆጥረህ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ትሰካቸዋለህ። ከጓደኛ ተውሰህ ለአንድ ቀን ብትሞክረው ጥሩ ነው፤ ከመንገጫገጩ የሚበዛው እዚያው ሊጠፋ ይችላል።

ስለ አይ7 የተነገረህን በአጭሩ ልመልስ። አይ7 የሚለው ስም ያለ ትውልዱ ምንም አይናገርም። የ2017ቱ አይ7 7700 ባለ 4 ኮር፣ ባለ 8 ትሬድ ነው፤ የ2022ቱ አይ3 12100ኤፍም እንዲሁ፣ በጌም ግን አይ3ው ይበልጠዋል። 12400ኤፍ በእርግጥ ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፣ ከባዶ ለሚጀምር ሰው አልከለክለውም፤ ለአንተ ግን አዲስ ማዘርቦርድ ያስከትላል። ያገለገለ የቢሮ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ይዛችሁ የምታነቡ ደግሞ፣ እዚያ ላይ የሚገባው እስከ አይ7 4790 ድረስ ነው፣ ራሙም ዲዲአር3 ነው። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ከተለመደው የተለየ አያያዥ ስላላቸው ተራ ዕቃ አይገጥምላቸውም። እዚያ ላይ ገንዘብ አትጨምሩ።

ወደ አንተ ልመለስ። ቢ450 ከ5600 በፊት የወጣ ስለሆነ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ባዮሱን የምታድሰው አሮጌው 1600 በቦታው እያለ ነው። በሲፒዩ-ዚ ፕሮግራም የማዘርቦርዱን ሙሉ ስምና የባዮሱን ቁጥር አንብብ፤ የሪቪዥን ቁጥሩ ቦርዱ ላይ ታትሟል፣ አንድ አኃዝ እንኳ ቢለይ ፋይሉ ሌላ ነው። በአምራቹ ገጽ ላይ 5600 ከየትኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። የማውረጃውን ማስታወሻም አንብብ፤ አንዳንዱ ቦርድ መጀመሪያ መሸጋገሪያ ባዮስ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አዲስ ባዮስ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ፋይሉን ፈትተህ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ በቦርዱ የራሱ መጫኛ ጫነው፤ ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ፣ ኤምኤስአይ ኤም-ፍላሽ፣ አሱስ ኢዚ ፍላሽ፣ አስሮክ ኢንስታንት ፍላሽ ይሉታል።

ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ግን መብራት ከሄደ ቦርዱ ይሞታል። ዩፒኤስ ከሌለህ ተዋስ፤ የተዋስከውም ባትሪው እንደሚይዝ ቀድመህ ኮምፒውተሩን አብርተህ ከግድግዳው ነቅለህ ፈትነው። በመካከል ቢቋረጥ የባዮስ ቺፑን በፕሮግራመር እንደገና የሚጽፍ ጥገና ቤት መፈለግ ይኖርብሃል።

ዊንዶውስህ ላይ ቢትሎከር (የዲስክ መቆለፊያው) በርቶ ከሆነ ባዮሱን ከመንካትህ በፊት አጥፋው፣ ወይም የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፍ። ፕሮሰሰር ሲቀየር ውስጡ ያለው የደህንነት ቁልፍ አብሮ ይሄዳልና ዲስክህ ይቆለፍብሃል። ከቅያሬው በኋላ ኤፍቲፒኤም (ያ የደህንነት ቁልፍ የሚቀመጥበት) ይታደስ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ የ«Y» ቁልፍን የምትጫነው ይህን ካደረግህ ብቻ ነው።

ፕሮሰሰሩን ስታወጣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። የኤኤም4 (የአንተ ቦርድ ሶኬት ዓይነት) ፒኖች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ 1,331 ናቸው። የደረቀ ቴርማል ፔስት ሄትሲንኩንና ፕሮሰሰሩን አጣብቆ ይይዛቸዋል፤ ሄትሲንኩን ቀጥ አድርገህ ብትስበው ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈው ሶኬት ተመንግሎ ይወጣና ፒኑ ይጣመማል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ጌም ተጫውተህ አሙቀው፣ አጥፋ፣ ከግድግዳው ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ 5 ሰከንድ ተጫን። አራቱን ብሎኖች በየተራ ጥቂት ጥቂት ዙር ፍታ፤ ከቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት እንዳይወድቅ በእጅህ ደግፈው። ከዚያ ሄትሲንኩን ወደ ግራና ቀኝ እያዞርክ አላቀው እንጂ አትሳበው። ከ1600ው ጋር የመጣው ሬይዝ ስፓየር ካለህ እሱኑ መልሰህ ተጠቀም፤ ከ5600 ካርቶን የሚወጣው ሬይዝ ስቴልዝ ከእሱ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ በእኩል ዙር የሚዞር ፋን ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያነሳው። የአየሩ ቅዝቃዜ ቢያካክሰውም ትልቁን ሄትሲንክ መተው አያዋጣም።

ማንሻውን አንሳ፣ የወርቃማውን ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አጋጥም፣ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ይገባል። በጣት መጫን ካስፈለገ የተጣመመ ፒን አለ፣ አንሳና እይ። የድሮውን ፔስት ከሄትሲንኩ ላይ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ፤ አዲሱ የአተር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃል። ብሎኖቹን በመስቀልኛ ቅደም ተከተል አጥብቅ።

መጀመሪያ ስታበራው ራሙን እየለካ እስከ ጥቂት ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ አትንቀለው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሆነ አጥፍተህ ባለ 8 ፒኑ የፕሮሰሰር ኃይል ገመድ መሰካቱን እይ፣ የባዮስ ባትሪውን ለ5 ደቂቃ አውጥተህ መልስ። ባዮስ ሲታደስ ምርጫዎችህ ሁሉ ጠፍተዋል፤ ኤክስኤምፒን ወይም ዲኦሲፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ምርጫ) አብርተህ ራሙ 3200 ማለቱን አረጋግጥ። ይህን የረሳ ሰው አዲስ ፕሮሰሰር በ2133 ራም እያስኬደ ለውጥ የለውም ይላል። ዊንዶውስ አልነሳም ካለ ሲኤስኤም የሚለውን (የአሮጌ አነሳስ ስልት) ምርጫ እንደ ድሮው መልስ። ቫሎራንትንም የምትጫወት ከሆነ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የባዮስ የደህንነት ምርጫዎች ካልበሩ አይከፈትልህም። ዊንዶውስ 11 1600ን በይፋ አይደግፍም፣ 5600ን ግን ይቀበላል።

በመጨረሻ ያንኑ ፈተና በዚያው ሜዳ ድገመውና ከመዘገብከው ጋር አስተያይ። በጌም ጊዜ ሙቀቱ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ቢሆን ጤነኛ ነው፤ 90 ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ለማብረድ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ፍሬሙ ይወርዳል፣ ያኔ ፔስቱን ወይም የብሎኖቹን ጥብቀት ተመልከት። አሮጌውን 1600 በአዲሱ ፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ፒኑን ጠብቀህ አስቀምጠው፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳትሸጠው። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን አልነሳ ቢል ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ይሁን የቦርዱ የምትለየው በእሱ ነው።