እፍ ብሎ ፀሐይን ያስኬደው አምላክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ አዘጋጆች። በድሮ ጊዜ ሜክሲኮ ስለነበሩት አዝቴኮች ሳነብ አፉ እንደ ዳክዬ ወጣ ያለ ሐውልት አየሁና ሳቄ መጣ፣ ከስሩ ግን «የንፋስ አምላክና ፈጣሪ» ይላል። ንፋሱስ እሺ፣ ፈጣሪነቱ ከየት መጣ? ወንድሜ ደሞ ሃሪኬን (ኃይለኛው የባህር አውሎ ንፋስ) ሚለው ቃል ከዚህ አምላክ ስም ነው የመጣው ብሎ ድርቅ አለ። እስቲ ፍረዱን። (ተማሪዋ)

መልስ፦ ያሳቀሽ አምላክ ኤኤካትል ይባላል፣ በአዝቴኮቹ ቋንቋ በናዋትል በቃ «ንፋስ» ማለት ነው። የኬትሳልኮዋትል፣ የላባ ለባሹ እባብ አምላክ ማለቴ ነው፣ አንዱ መልኩ ነው። እና አፉ አይደለም የወጣው፣ ጭምብል ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ተደርጎ ይሳላል፣ ንፋሱን ሚነፋው በሱ ነው። ደረቱ ላይ ደሞ ተቆርጦ የተስተካከለ የባህር ቀንድ አውጣ ዛጎል ያንጠለጥላል፣ ዛጎሉ ሲቆረጥ ውስጡ ያለው ጥምዝምዝ ቁጭ አውሎ ንፋስ ነው ሚመስለው፣ እኔን ከጭምብሉ ይልቅ ሚገርመኝ እሱ ነው።

ፈጣሪነቱ ሚገባሽ ንፋስን እንደ እስትንፋስ ካየሽው ነው። በትረካቸው መሰረት አሁን ያለንበት ዓለም አምስተኛው ነው፣ የቀደሙት አራቱ ጠፍተዋል፣ አንዱን እንደውም አውሎ ንፋስ ጠርጎት ሰዎቹ ጦጣ ሆነው ቀርተዋል። ለአምስተኛው ፀሐይ እንድትኖር አማልክቱ ቴኦቲዋካን በምትባለው ጥንታዊ ከተማ እሳት አነደዱ፣ ቁስል የወረሰው ደሃው ናናዋትሲን ዘሎ ገባና ፀሐይ ሆነ፣ ሀብታሙ ቴኩሲስቴካትል ግን አራቴ ተንደርድሮ አራቴ ፈርቶ ከሱ በኋላ ገብቶ ጨረቃ ሆነ። ሁለቱም ወጡ፣ ግን ወጥተው ቆሙ፣ ንቅንቅ የለም! አማልክቱ ራሳቸውን ሰውተው እንኳን አልሆነም፣ በመጨረሻ ኤኤካትል ባለ በሌለ ኃይሉ ሲነፋ ነው ፀሐይ መንገድ የጀመረችው። ጨረቃ ግን ፀሐይ መግቢያዋ እስክትደርስ እዛው ተገትራ ቀረች፣ በተለያየ ሰዓት ሚወጡት ለዛ ነው ይላሉ።

በኬትሳልኮዋትልነቱ ሰውን የሰራበት ታሪክ ደሞ ይብሳል። የድሮ ሰዎችን አጥንት ለማምጣት ሙታን ዓለም፣ ሚክትላን ወረደ፣ የዛ ጌታ ሚክትላንቴኩትሊ እሺ ትወስዳለህ፣ መጀመሪያ ግን ይሄን ዛጎል እየነፋህ አራት ጊዜ ዙር አለውና ዛጎል ሰጠው፣ ዛጎሉ ቀዳዳ የለውም! ተንኮል ነው እንግዲህ። ትሎች ጠርቶ አስበሳው፣ ንቦች ገብተው ጮሁበት፣ ዛጎሉ ተሰማ፣ አጥንቱን ይዞ ሲሮጥ ድርጭቶች ከፊቱ ብር ሲሉ ደንግጦ የተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና አጥንቱ ተሰባበረ። ሰው አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆነው በዚህ ነው ይባላል። ስብርባሪው ተፈጭቶ አማልክቱ ደማቸውን ካፈሰሱበት በኋላ ሰው ሆነ።

ሙሉ ሐውልቱን ማየት ከፈለግሽ ሜክሲኮ ውስጥ ካሊሽትላዋካ፣ ቶሉካ ከተማ አጠገብ፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገኘ አለ። እዛው ያለው ቤተ መቅደሱ ክብ ነው፣ ማዕዘን ቢኖረው ንፋሱ ይጋጫላ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው ተብሎ ይታመናል። ክብ መሰዊያ ግን ለማየት ቀላሉ መንገድ ሜክሲኮ ሲቲ ባቡር መሳፈር ነው፣ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለሜትሮ ሲቆፈር አንድ ትንሽ ተገኘና ሳያነሱት ፒኖ ስዋሬዝ ጣቢያ ውስጥ ተዉት፣ ሰዉ ባቡር ሊቀይር ሲሮጥ ባጠገቡ ያልፋል።

የወንድምሽ ነገር… ግማሽ ልስጠው። እሱ ያለው ኤኤካትል ሳይሆን ኡራካን ነው፣ የጓቲማላ ኪቼ ማያዎች አምላክ፣ ፖፖል ቩህ በሚባለው መጽሐፋቸው «የሰማይ ልብ» ይባላል። ስሙ በኪቼኛ ሲተነተን «አንድ እግር» ይሰጣል። ሃሪኬን ግን በስፓኒሽ በኩል የመጣው ከካሪቢያኖቹ ታይኖዎች ቃል ነው፣ ሁለቱ ይዛመዳሉ ወይስ ድምፃቸው ብቻ ነው የገጠመው ሚለው ላይ ምሁራኑም ራሳቸው አልተስማሙም፣ ስለዚህ ብዙ አይድረቅ።

ኡራካንም ፈጣሪ መሆኑ ግን አያከራክርም፣ ፖፖል ቩህ እንዲህ ይተርካል። ከጭቃ የተሰራው ሰው ሟሟ፣ ከእንጨት የተሰራው ልብ አልነበረውም፣ ጎርፍ ወረደበት፣ ድስቱና የወፍጮ ድንጋዩ ሳይቀር ተነሳበት፣ የተረፉት ጦጣ ሆኑ (እዚህም ጦጣ!)። በመጨረሻ ከበቆሎ አራት ወንዶች ተሰሩ፣ እነሱ ደሞ ከመጠን በላይ ጥሩ ሆኑ፣ ዓለምን ዳር እስከ ዳር ያያሉ፣ አማልክቱ ሰጉ። ያኔ የሰማይ ልብ መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት እንደሚደበዝዘው ዓይናቸውን አደበዘዘው፣ ከዛ ወዲህ የታያቸው ቅርብ ቅርቡ ብቻ ነው።