ከቤት ይገባል፣ ከሰርቨሩ አይገባም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አክስቴ እዚሁ ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ሲሚንቶውን፣ ቀለሙን፣ የዱቤውን ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ሲስተም ሠርቼላታለሁ። እስካሁን ፕሮግራሙም ዳታቤዙም ክላውድ ላይ በተከራየሁት አንድ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አብረው ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ግን ባክአፑን እነሱ ይያዙልኝ ብዬ ዳታቤዙን ወደ ማኔጅድ ፖስትግሬስ (የክላውዱ ድርጅት ራሱ የሚያስተዳድረው ዳታቤዝ) አዛወርኩት። ከቤት በላፕቶፔ ስሞክር ወዲያው ይገባል። ከቨርቹዋል ማሽኑ ስሞክር ግን ዝም ብሎ ይቆይና «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላል። የማሽኑን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻውን) ማን ይግባ ማን አይግባ በሚለው በዳታቤዙ ፋየርዎል ላይ አስገብቻለሁ፣ ሁለቴ አረጋግጫለሁ። ፒንግም አይመልስም። አንድ ጓደኛዬ «ለሁሉም ክፈቺውና ተገላገዪ» አለኝ። ላድርገው? አክስቴ ይኸው እንደገና በደብተር መጻፍ ጀምራለች።

መልስ፦ እህቴ፣ አትክፈቺው። መፍትሔው ቅርብ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የስህተት መልእክቱን በደንብ እንስማው፣ ብዙ ሰው ሮጦ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ታይምድ አውት ማለት ስልኩ ይጠራል ግን አይነሳም እንደማለት ነው። መልእክትሽ ሄዷል፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ድምፁን ሳያሰማ ጥሎታል። ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል ነው። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ቢልሽ ግን ተዘጋብሽ ማለት ነው፦ ማሽኑ ጋ ደርሰሻል፣ በዚያ ፖርት (በር ቁጥር) የሚያዳምጥ የለም። «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» ካለሽማ ደስ ይበልሽ፣ የኔትወርኩ ጣጣ አልቋል። አንቺ ገና እዚያ አልደረስሽም፣ ስለዚህ ፓስወርድ በመቀያየር አትድከሚ። ፒንጉንም እርሺው። ፒንግ የሚሄደው አይሲኤምፒ በሚባል ሌላ መንገድ ነው፣ ፖስትግሬስ የሚያዳምጠው በቲሲፒ ፖርት 5432 ነው። ብዙ ማኔጅድ ዳታቤዞች ደህና እየሠሩም ለፒንግ አይመልሱም።

አሁን ወደ ማሽኑ በኤስኤስኤች (ከርቀት በሚያስገባው) ግቢና የዳታቤዙን ስም «ኤንኤስሉክአፕ» (nslookup) በሚለው፣ የስሙን አድራሻ በሚያመጣው ትዕዛዝ ጠይቂ። ከዚያ ያንኑ ትዕዛዝ ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ አስኪጂ። ሁለቱን መልሶች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊያቸው። እንደምጠረጥረው ላፕቶፑ የውጭ አድራሻ ያመጣል፣ ማሽኑ ግን በ10 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት ወይም በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ያመጣል። ስሙ አንድ፣ መልሱ ሁለት። ማሽኑና ዳታቤዙ በአንድ የክላውድ ኔትወርክ ውስጥ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጥሩም ነው፣ መልእክቱ ኢንተርኔት ላይ ሳይወጣ በጓሮ ይሄዳል።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው። በጓሮ የሚሄደው መልእክት ላኪ ብሎ የሚጽፈው የማሽኑን የውስጥ አድራሻ ነው። አንቺ ፋየርዎሉ ላይ ያስገባሽው ደግሞ የውጩን ነው። ቁጥሩን አልተሳሳትሽም፣ ግን ያ ቁጥር በዚህ መንገድ ላይ ጭራሽ አይታይም። እኔም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይሄው ነገር በልቶብኛል፣ ስለዚህ ድካምሽ ይገባኛል።

የማሽኑን የውስጥ አድራሻ ከክላውዱ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። በዳታቤዙ ፋየርዎል ላይ 5432ን ለእሱ ብቻ ክፈቺ፣ መጨረሻው ላይ /32 አድርጊበት፣ «ይህች አንዲት አድራሻ ብቻ» ማለት ነው። ሴኪዩሪቲ ግሩፕ የሚባለው (ለማሽኖች ቡድን የሚሰጥ የፋየርዎል ደንብ) ካለሽ ግን ከአድራሻ ይልቅ የማሽኑን ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ራሱን ስጪው። ነገ ማሽኑን ብትቀይሪ ወይም ሁለተኛ ብትጨምሪ እንደገና ቁጥር ፍለጋ አትገቢም። ከዚያ በሩ መከፈቱን ለመፈተሽ ማሽኑ ላይ «ኤንሲ -ዜድቪ» (nc -zv) ብለሽ የዳታቤዙን ስምና 5432 ጻፊበት። «ሰክሲድድ» ካለሽ ለአክስትሽ ደውዪላት።

ማሽኑም የውጭ አድራሻ ካመጣ ሁለቱ በተለያየ ኔትወርክ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ የሚቆጠረው የማሽኑ የውጭ አድራሻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቋሚ አድራሻ ካልያዝሽለት ማሽኑ ቆሞ ሲነሳ ሊቀየር ይችላል። ፕሮግራምሽ ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የራሱ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር እይ። አንዱ ከድሮው የቀረ «ሎካልሆስት» («እዚሁ ራሴ ጋ» ማለት ነው) የሚል ቅንብር ነው፣ ኮንቴይነሩ ራሱን ነው የሚጠራው። ሁለተኛው የክላውድ ኔትወርክሽ በ172.17 የሚጀምር መሆኑ ነው። ዶከር ከነባሪ ቅንብሩ 172.17.0.0/16ን ለራሱ ስለሚይዝ፣ ማሽኑ ዳታቤዙን ውጭ መፈለግ ትቶ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይፈልገዋል፣ አያገኘውምና ብዙ ጊዜ «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ይላል።

ላፕቶፕሽም አንድ ቀን መከልከሉ አይቀርም። የቤት ኢንተርኔት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ዳታቤዙን ከቤት በቀጥታ አትንኪው፣ በኤስኤስኤች ቱነል (በኤስኤስኤች ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ መተላለፊያ) በማሽኑ በኩል ግቢ። ይህን ከለመድሽ ዳታቤዙ ከውጭ የሚገባበትን በር ጭራሽ ዝጊው።

የጓደኛሽን ምክር በተመለከተ። 0.0.0.0/0 ማለት ዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ማሽን ማለት ነው። 5432 ክፍት የሆነበትን አድራሻ ቀን ከሌሊት እያሰሱ ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች አሉ። ክፋቱ ደግሞ ይሠራልሻል። የውስጥ አድራሻውንም ስለሚያካትት ወዲያው ይገባል፣ አንቺም ተገላገልኩ ብለሽ ትረሺዋለሽ። እዚያ ውስጥ ያለው ግን ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት ከነስልክ ቁጥሩ ነው። የሰው ገመና ነው እህቴ፣ አክስትሽን አምነው ነው የሰጧት።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው። የዶሮ እርባታ አለን፣ የእንቁላል ትዕዛዝ የምንመዘግብበት ሲስተም ክላውድ ላይ ነው። ቀን ቀን ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ግን የመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል። ፋየርዎል ይሆን?

መልስ፦ ያንተ ሌላ ነው ወንድሜ። መንገዱ ክፍት ባይሆን ቀንም አይሠራልህም ነበር። ፕሮግራምህ ማታ የከፈተውን ግንኙነት እንደያዘ ያድራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም አያልፍበትም። መሃል ያሉት የኔትወርክ መሣሪያዎች ሥራ የፈታ ግንኙነት ከመዝገባቸው ያወጣሉ፣ አንዳንዱ ክላውድ ላይ በ10 ደቂቃ፣ ሌላው ላይ በ4 ደቂቃም ይሆናል። ለሁለቱም ወገን ግን የሚነግር የለም። ጠዋት ፕሮግራምህ ያንኑ የሞተ ግንኙነት አንስቶ መልስ ይጠብቃል። ሊኑክስ «አለህ ወይ» ብሎ የሚፈትሽበት ኪፕአላይቭ አለው፣ ከነባሪ ቅንብሩ ግን የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። በዳታቤዝ ግንኙነት ቅንብርህ ላይ 60 ሰከንድ አድርገው። የኮኔክሽን ፑል (የተከፈቱ ግንኙነቶችን ይዞ ደጋግሞ የሚጠቀምባቸው) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ የፈታውን እንዲጥል እዘዘው። ማታ ቀይረህ እደርና ጠዋት የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ራስህ አስገባ። አሁንም ከተንጠለጠለ ሪስታርት ሳታደርገው የስህተት መዝገቡን ቅዳና ላክልኝ፣ ሪስታርት ካደረግከው በኋላ የሚታይ ነገር አይኖርም።