የ5 ሜትሩ ወይስ የ7 ሜትሩ የሞተር ጀልባ?

አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጓደኛዎ ጋር ዓሣ ለማጥመድ እንደሚወጡ ገልጸው፣ ከ5 ሜትሩና ከ7 ሜትሩ ጀልባ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ብሆን ትንሹን እመርጥ ነበር።

የ2 ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ጀልባ በርዝመት ሲያድግ በወርድና በጥልቀትም ስለሚያድግ፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ ከሆነ የትልቁ ይዘት የትንሹን 2.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ክብደቱም አብሮ ስለሚጨምር ጉልበት ያለው ሞተር፣ ብዙ ነዳጅ፣ ጠንካራ ተጎታችና ያንን መሳብ የሚችል መኪና ያስፈልግዎታል፤ ሻጮች ደግሞ ስለ ሞተሩ አውርተው አይጠግቡም እንጂ ስለ ተጎታቹ ብዙም አያነሱም። ትንሹን ሁለት ሰዎች ያለ ብዙ ድካም ውኃ ላይ አውርደው መልሰው ሊጭኑት ይችላሉ፤ ለመውጣት የማያስቸግር ጀልባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወጣል።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ የውኃው ሁኔታ ብቻ ነው። ከዳርቻ ርቀው ነፋስ በሚበረታበት ሰፊ ውኃ ላይ የሚውሉ ከሆነ፣ ረጅሙ ጀልባ በአጫጭር ሞገዶች ላይ እምብዛም ስለማይንገጫገጭና ጎኑም ከፍ ያለ ስለሚሆን ወጪው ተገቢ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ አምራቹ የወሰነውን የሰውና የጭነት መጠን ሳያዩ አይክፈሉ። ነዳጁንም አንድ ሦስተኛውን ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመመለሻ፣ ቀሪውን ለመጠባበቂያ አድርገው ያስሉት። ሙከራውን ግን ጸጥ ባለ ጠዋት ሳይሆን ነፋስ ባለበት ሰዓት እንዲያደርጉት እመክራለሁ።