ሶሲዮሎጂ ለመማር ለምታስቡ ልጆቼ

«ጋሼ፣ ሶሲዮሎጂ ተምሬ ምን እሆናለሁ?»

የጠየቀችኝ ደሴ ሰኞ ገበያ ያደገች የጎረቤቴ ልጅ ናት። አሁን ያለችው ቨርጂኒያ፣ አክስቷ ዘንድ ነው። እዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ የሶሲዮሎጂ፣ ማለትም ሰው በማኅበር እንዴት እንደሚኖር የሚያጠናው ትምህርት፣ መግቢያ ኮርስ ወሰደችና ወደደችው። አክስቷ ግን «ነርሲንግ ግቢ፤ እሱን ሲደላሽ ትማሪዋለሽ» አለቻት። ግራ ሲገባት ደወለችልኝ።

ይህን ጥያቄ እዚህ ደሴም በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ልጆቹ ሕግ ወይም አካውንቲንግ ይሞላሉ፤ ምደባው ሲወጣ «ሶሲዮሎጂ ደረሰኝ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። አባት ለዘመድ ሲናገር የትምህርቱን ስም ዘሎ «ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» ብቻ ይላል። ስለዚህ ለሷ የምጽፈውን ለእናንተም እጽፈዋለሁ። አንቺም ልጄ፣ ከነሱ ጋር አንብቢው።

ለማታውቁት፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት የሚማሩበት፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ የሚረክስ የሕዝብ ኮሌጅ ነው። እስከ ዛሬ ካሉት አንጋፋው በ1901 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ የተከፈተው ነው። 60 ክሬዲት ገደማ የጨረሰ አሶሼት ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የቀረውን ይቀጥላል። «ኮሌጅ ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም» የሚል የሐበሻ ወሬ አለ። አትስሚው። ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ እናቶች፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች፣ ገና ከሃይስኩል የወጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ሶሲዮሎጂ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ክፍል የት ይገኛል?

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን አሳቤ ቨርጂኒያ አልሄደም። አምባሰል ነው የሄደው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ ወሎ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት ሊጀምር ፈልጎ የቤት ለቤት ጥናት አዘዘ። ወጣቶች ተሰባስበን ውጫሌ አደርን፤ በማግስቱ ቅጻችንን ይዘን ወደየመንደሩ በእግር ወጣን። ቅጹ ወፍራም ነበር። የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬት ስፋት፣ የበሬ ብዛት፣ ጣሪያው ሳር ነው ወይስ ቆርቆሮ። ከየጥያቄው ጎን ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት ታደርግና ታልፋለህ። አስተባባሪያችን «ከቅጹ እንዳትወጡ» ብሎ አስጠንቅቆናል። ቀኑ አጭር፣ ቤቱ ብዙ ነው።

አንድ ቤት ስደርስ አንዲት አሮጊት እናት ደጃፍ ላይ ቡና እየቆሉ አገኘኋቸው። ወሎ ነውና ሳልጠይቅ በርጩማ ወጣልኝ። እሳቸው ሲወቅጡ እኔ ቅጼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት። ከዚያ «በሬ ስንት አለዎት?» አልኩ።

ሙቀጫውን አቆሙና አዩኝ። «አሁን ነው ወይስ ያኔ?»

ቅጹ የሚጠይቀው የአሁኑን ነው። አፌ ግን «ያኔስ?» አለ።

ያኔ ማለት ስድሳ ስድስት፣ ወሎ የተራበበት ጊዜ ነው። እሳቸው ማውራት ጀመሩ፣ እኔ ዝም አልኩ። ጥንድ በሬ ነበራቸው። ዝናቡ ሲቀር ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። ባልየው አንደኛውን በሬ ገበያ ነዱት፤ ሰው ሁሉ ከብቱን ነድቶ ወጥቶ ነበርና የሚገዛ ጠፋ። በመጨረሻ ሸጠው ሲመጡ በብሩ የገዙትን እህል አህያ ላይ መጫን አላስፈለጋቸውም። በነጠላቸው ቋጥረው በትከሻቸው ይዘውት ገቡ። ሁለተኛው በሬ ከዚያም ባሰ ዋጋ ሄደ። ከዚያ ባልየው ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወረዱ። አልተመለሱም።

ሴትየዋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። እንደሳቸው የወጣው ሕዝብ መንገዱን ዳርና ዳር ሞልቶታል። የነገሩኝን እንደተናገሩት አስታውሰዋለሁ።

«መኪናው እህል ጭኖ ወደ ሸዋ ሲያልፍ ቁጭ ብለን እናየው ነበር። እህል እኮ ነበረ፣ ልጄ። እኛ ጋ ነው ያልነበረው።»

ቅጹን አገላበጥኩ። ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም። ገልብጬ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እርሳሴን ሲያዩ አነጋገራቸውን ቀነስ አደረጉት። አንድ ነገር ይናገራሉ፣ እጄን ያያሉ፣ ስደርስባቸው ይቀጥላሉ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ግን አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ይጠብቁኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አነጋግሬያለሁ፣ እንደዚያ የጠበቀኝ የለም። የሞቱባቸውን ልጆች በስማቸው እየጠሩ አስጻፉኝ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሳይደርስ ጓደኛዬ ከአጥሩ ውጭ ጠራኝ፤ ብዙ ቤት ቀርቶን ነበር። ሲሸኙኝ «ይኸ የጻፍከው የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። «ደሴ፣ ቢሮ» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ደሴ ቢሮ ቅጾቹ ኮምፒውተር ውስጥ ገቡ። የገባው ፊት ለፊቱ ነው። ጀርባውን የገለበጠው የለም። ሪፖርቱ ሲወጣ በሰንጠረዥ የተሞላ፣ ጥሩ ጥራዝ ያለው ነበር። የሳቸው ቤት እዚያ ውስጥ «በሬ የሌላቸው አባወራዎች» በሚለው ረድፍ ተደምሯል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ቅጾቹ ከመጋዘን ወጥተው ተጣሉ። ይህን የሰማሁት ከተጣሉ በኋላ ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቶ አዲስ አበባ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአማርትያ ሴንን ጥናት አነበብኩ። ሴን ህንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ አንዱን ምዕራፍ የሰጠው ለኛው ረሃብ ነው። የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት በዚያ ዓመት ያን ያህል አልወደቀም ይላል። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ሰው እንደሚያስበው አልናረም። የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላውም የሚገዛበትም አብሮ ጠፋ። ከብቱ በእህል ሲመነዘር ዋጋ አጣ። መግዣ የሌለው ሕዝብ ባለበት ገበያ እህል አይቆምምና ወሎ እየተራበ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር።

ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሴትየዋ ሙቀጫቸው አጠገብ ተቀምጠው የነገሩኝ ይኸው ነው። በሬውም፣ ገበያውም፣ መኪናውም።

ወደዚያ አገር ሥራ ወስዶኝ በሄድኩበት ጊዜ ጠየቅኩ። አርፈዋል። ቤቱ ላይ ሌላ ሰው ይኖራል። የልጆቹን ስም ጽፌ ነበር እኮ። መንደሩን፣ ገበያውን፣ ዓመቱን ጽፌ ነበር። ሴንማ ያለሳቸውም ደርሶበታል። የልጅ ልጆቻቸው ግን ያን ወረቀት ሌላ ቦታ አያገኙትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማታ ማታ አንዳንዴ የአንደኛውን ልጅ ስም ላስታውስ እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሰው ከቅጹ ውጭ ያለ ነገር ሲነግራችሁ ቅጹን አስቀምጡ። ጻፉት፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፣ አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። ፈቃድ መጠየቅ፣ ስም መደበቅ የሚባለውን መምህሮቻችሁ ያስተምሯችኋል፤ እኔ አልደግመውም። አቶ ደሳለኝ ራህመቶ እዚያው አምባሰል ገብተው ገበሬው የሰባ ሰባቱን ረሃብ እንዴት እንደተቋቋመው አጥንተዋል። ገበሬው ምን እንደሸጠ፣ ምን እንዳልሸጠ፣ የቱን ነገር እስከ መጨረሻ ይዞ እንደቆየ ከራሱ አፍ ነው የሚሰማው። አሜሪካም ቢሆን ዱ ቦይስ የሚባለው ጥቁር ሊቅ የፊላደልፊያን ጥቁሮች ሰፈር ቤት ለቤት ዞሮ እየጠየቀ ነው ያጠናው፤ ጥናቱ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ልጄ፣ አንቺ ያለሽበት አገር ሰው ነውና እሱን ፈልገሽ አንብቢው።

የዛሬ ልጆች ላይ የማዝንበት ነገር አለ፣ ልናገረው። መመረቂያ ጽሑፉን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍሎ ያሠራል። አሁን ደግሞ ቻት ጂፒቲ መጥቷል፤ መጠይቁንም መልሱንም እሱ ያወጣለታል። ሸዋ በር ድረስ በታክሲ ሄዶ አንድ ሰው ማነጋገር ይከብደዋል። ቢያነጋግርም አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። እኛ እንዲህ አልነበርንም። እርግጥ እኛ ደግሞ የማንጠይቀው ነገር ነበረ። አለቃ «ከቅጹ አትውጡ» ካለ አንወጣም፤ ለምን ብሎ የሚቆም ከመሃላችን አልነበረም። የዛሬ ልጅ ይቆማል። ቅጹ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይሟገታል፣ ባይስማማ ጥሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከናንተ አንዱ አብሮን ቢኖር ያ ወረቀት ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ልጅቷ ሌላም ነገር ጠይቃኝ ነበር። መምህሯ ስለ አንድ የማኅበረሰብ ስብስብ ጻፉ ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቷል፤ እሷ ስለ ቅሬ መጻፍ ፈለገች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ግን ቅሬ ከቀብርም ያልፋል። የቅሬው ዳኛ ጎረቤት ያስታርቃል፣ ከለቅሶ የቀረውን ይቀጣል። በብዙ ቦታ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ለቅሶ ቤት ሥጋው ለየብቻ ይሠራል፤ ሬሳው የሚሸኘው አብሮ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ነጋዴ ነበር። ከቀብር እየቀረ ቅጣቱን በብር ይከፍላል። ብር አልቸገረውም። በኋላ ሽማግሌዎቹ ብሩን እምቢ አሉ፤ ከቅሬ አወጡት። ጥቂት ቆይቶ እናቱ ሞተች። መቃብር የሚቆፍር፣ ቃሬዛ የሚይዝ ጠፋ። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ዳኛው ደጅ ቆመ። አባቴ አካፋውን አንስቶ ሲወጣ አይቻለሁ። የፈረንሳዩ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1893 እ.ኤ.አ. ሰውን ከሰው ምን አስተሳሰረው ብሎ ሲጽፍ ወሎን አያውቅም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሐሳብ ወስደሽ ቅሬው ላይ አስቀምጪው፤ የማይገጥም ካገኘሽ የማይገጥመውን ጻፊ። መምህርሽ ከዚያ ይማራል። ቨርጂኒያ ያሉ ሐበሾችም እድር አላቸው፤ እዚያ ገንዘቡ የሚሰበሰበው፣ ሬሳው አገር ቤት የሚላከው እንዴት እንደሆነ ሄደሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ እንጀራው። በስልክ «የወደድሽውን ተማሪ፣ አብሽሪ» ነበር ያልኳት። ስጽፍ ሳስበው አክስቷም እውነት አላት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነርሲንግ አሶሼት ዲግሪ የጨረሰ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና ወስዶ ካለፈ ሥራ ይይዛል። በሶሲዮሎጂ አሶሼት ዲግሪ ብቻ እንዲያ አይሆንም፤ መቀጠል ያስፈልጋል። ሶሻል ዎርከር ሆኖ ፈቃድ ማውጣት የሚፈልግም በአብዛኛው ስቴት የሶሻል ዎርክ ዲግሪ ይጠየቃል። በሶሲዮሎጂ ተመርቆ በሶሻል ዎርክ ማስተርስ መግባት ይቻላል፣ ብዙዎች በዚያ በኩል ይሄዳሉ። እኔ በዚህ ሙያ አልበለጸግኩም፤ ልጆቼን ግን አሳድጌበታለሁ። ደሴ ላላችሁትም ሥራው በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በእርዳታ ድርጅቶች፣ በጥናት ሥራ ላይ ነው ያለው፤ ወረፋው ረጅም ነው።

እናት የምትጦሪ ከሆነ፣ በየወሩ ደሴ ብር የምትልኪ ከሆነ፣ ነርሲንጉን ተማሪና ሶሲዮሎጂውን በምርጫ ኮርስነት ውሰጂ። ሆስፒታል ውስጥ የሚተኛው ሰው ነው፤ ያየሽው ትምህርት እዚያም ይሠራል። ጫናው ከሌለብሽ ግን ሶሲዮሎጂውን ያዢ፣ አክስትሽን እኔ አነጋግራታለሁ።

ሶሲዮሎጂውን ከመረጥሽ ከመመዝገብሽ በፊት የኮሌጁን አማካሪ አግኚ። መዛወር የምትፈልጊበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ጠቅሰሽ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹና ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ የተቀመጠውን ውጤት ያመጣ ተቀባይነቱ የተረጋገጠ ነው። ቃል ብቻ ይዘሽ አትውጪ።

ከስታቲስቲክስም አትሽሺ። የሶሲዮሎጂ ልጆች ከሂሳብ አመለጥን ብለው ነው የሚመጡት፣ እዚህም እዚያም። ቁጥር ባላነብ ኖሮ የሴንን ሰንጠረዥ አልፌው እሄድ ነበር፤ እኚያ እናት የነገሩኝ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነም ሳይገባኝ ይቀር ነበር። ኮሌጁ በነፃ የሚያስጠኑ አስጠኚዎች ይኖሩታል። ፈተና ሲደርስ ወረፋ ስለሚሆን በመጀመሪያው ሳምንት ሄደሽ ተመዝገቢ።