ከወርቁ ሥር ያለው ክሮሚየም

ሰሞኑን አንድ የፊዚክስ ተማሪ «ጋሼ፣ እዚህ ክሊን ሩም የለንም፤ በኮምፒውተር ብቻ የናኖ ኦፕቲክስ ሰው መሆን ይቻላል?» (ክሊን ሩም ጥቃቅን ነገር የሚሠራበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል ነው፤ ናኖ ኦፕቲክስ ደግሞ ብርሃን እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ነገሮች ላይ የሚያሳየውን ባሕርይ ያጠናል) ሲል ጠየቀኝ። ይቻላል አልኩት። ማታ ግን ጀርመን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ትዝ አሉኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። መስታወት ላይ ጥቃቅን የወርቅ ዘንጎች እሠራለሁ። ብርሃን ሲያርፍባቸው የወርቁ ኤሌክትሮኖች አብረው ይወዛወዛሉ፤ በየትኛው ቀለም አጥብቀው እንደሚወዛወዙ የሚወስነው የዘንጉ መጠንና ቅርጽ ነው። ስሌቴ ቁልጭ ያለ ቀጭን ጫፍ ያሳያል፤ ብርሃኑን በየቀለሙ የሚለካው መሣሪያ፣ ስፔክትሮሜትሩ፣ የሚሰጠኝ ግን የተንሰራፋ ጉብታ ነው። ፕሮግራሙን ብነካካው፣ ባገላብጠው፣ ወይ ፍንክች!

ሽማግሌው መስታወቱን ተቀበሉኝና ገልብጠው ከወርቁ ሳይሆን ከጀርባው በኩል ተመለከቱት። ወርቅነቱ ደብዝዞ ግራጫ ነገር ተቀላቅሎበታል። «ከሥሩ ክሮሚየም ስንት አደረግህ?» አሉኝ። ወርቅ ብቻውን መስታወት ላይ አይይዝም፤ ፕላስተር ለጥፈው ቢስቡት ተልጦ ይነሳል። ስለዚህ ክሮሚየም የሚባለው ብረት ከሥሩ በስሱ ይነጠፍለታል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው መመሪያ 5 ናኖሜትር ይላል (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ክሮሚየም ግን ብርሃን ይውጣል፤ ውዝዋዜው ቶሎ ይሞታል። ወደ 1 ናኖሜትር ስናወርደው ጉብታው ተሰበሰበ።

ጽሑፉ ሲታተም የሳቸው ስም የለበትም። «ቴክኒሻን ደራሲ አይሆንም» ተባለ። እኔ ተማሪ፣ ማን ይሰማኛል? ቁጭቱ ግን ዛሬም አልለቀቀኝም። ጡረታ ሲወጡ የሚያውቁትን ሁሉ ይዘውት ሄዱ።

የዛሬ ልጆች ሶፍትዌሩ ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ከሳለላችሁ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። ሳይንቲስቱ ቶማስ ኤብሰን ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ባነሱ የብረት ቀዳዳዎች ከሚጠበቀው በላይ ብርሃን ሲያልፍ ጃፓን ውስጥ ያየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ያሳተመው ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1998። እናንተ እስከ ማታ እንኳ አትቆዩም! ለነገሩ እኔ ያኔ ላፕቶፕ ቢኖረኝ የክሮሚየሙን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት እጨርሰው ነበር።

ለጠያቂዬ፦ ጤና ኬላ ውስጥ በወባ መመርመሪያው ላይ የምታየው ቀይ መስመር፣ በአብዛኞቹ ላይ፣ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ነው። እሱን ለመሥራት ክሊን ሩም አያሻም። የኬሚስትሪ ክፍሉን የወርቅ ጨውና ሲትሬት (የሎሚ አሲድ ጨው) ስጡኝ ብለህ ጠይቅ፤ የወርቁን ጨው በንጹሕ ውኃ አፍልተህ ሲትሬቱን ጨምርበት። እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ከዚያ ቀንሰህ የገበታ ጨው ስትጨምርበት ቅንጣቶቹ ይጠጋጉና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የቀዩንም የሰማያዊውንም ቀለም በስፔክትሮሜትር ለካና ከስሌትህ ጋር ላክልኝ።